«ካላነሳችሁልኝ አልታከመችም»፦ ሲቲ ስካን ሁሉ ሕክምና አይደለም

ዛሬ ጠንከር ያለ ነገር ልጽፍ ነው። የሚቆጡኝ ይኖራሉ፣ ከሙያ አጋሮቼም ጭምር። ግን ብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው ስለቆየሁ ልናገረው።

ባለፈው የማንጎ ወቅት አንድ አባት የአምስት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ መጣ። ከማንጎ ዛፍ ወድቃ ነው። አሶሳ ለምንኖር ይህ አዲስ አይደለም። ማንጎው ሲደርስ እጁ የተሰበረ ወይም ግንባሩ ያበጠ ልጅ አናጣም። ከየት ከፍታ እንደወደቀች ስጠይቀው ወገቡን አሳየኝ። ወዲያው አልቅሳለች፤ ራሷን አልሳተችም፤ አላስመለሳትም። እኔ ስመረምራት ማዳመጫዬን እየጎተተች ትስቅ ነበር። ግንባሯ ላይ ካለች ትንሽ እብጠት በስተቀር ምንም አላገኘሁም። ለጥቂት ሰዓታት እዚያው አቆይቼ ተከታተልኳት። ዳቦዋን በልታ ሻይዋን ጠጣች። ከዚያ የአደጋ ምልክቶቹን ለአባቷ አንድ በአንድ አስረድቼ ሸኘኋቸው።

አባቷ ግን ፊቱ አልፈታም። «ዶክተር፣ ጭንቅላቷን ካላነሳችሁልኝ ምኑን ታከመች?» አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሲመጣ ታሪኩን ነገረኝ። ላም ሸጧል። ልጅቷን ይዞ ረጅም መንገድ ሄዷል። በአንድ ከተማ ሲቲ ስካን ተነስታለች፤ ውጤቱ ደህና ነበር። ለማረጋገጥ ሌላ ቦታ ሲወስዳት «የሌላ ቦታ ፊልም አንቀበልም» ተብሎ እንደገና ተነስታለች፤ ያም ደህና ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለባትም» አለኝ። እኔም አብሬው አመሰገንኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ተናደድኩ። የተናደድኩት በአባቷ አይደለም። አባት ለልጁ ላም ሸጠ፤ ይህ ያስመሰግነዋል። የተናደድኩት «ምርመራ በበዛ ቁጥር ሕክምናው የተሻለ ነው» የሚለውን እምነት ባስተማርነው በእኛ በሐኪሞችና በምርመራ ማዕከሎች ነው።

ስለዚህ በግልጽ ልበል። አስፈላጊ የሆነ ሲቲ ስካን ሕይወት ያድናል። የማያስፈልግ ሲቲ ስካን ግን ሕክምና አይደለም። ገንዘብና ጊዜ ይወስዳል፣ በልጅ ሰውነት ላይ ደግሞ ያለምክንያት ጨረር ይጨምራል።

ሲቲ ስካን ምንድን ነው?

ሲቲ ስካን ራጅ ነው። አዎ፣ ያው የምታውቁት ራጅ። ልዩነቱ፣ ተራው ራጅ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ያበቃል፤ በሲቲው ግን ጨረር የሚያወጣው ክፍል በሰውነታችሁ ዙሪያ እየተሽከረከረ ከየአቅጣጫው ያነሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ እንደተቆራረጠ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ የውስጡን ያሳየናል። ጥራቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። የጨረሩ መብዛትም እንደዚሁ።

ጨረር የሚለካው በሚሊሲቨርት ነው። ማንም ሰው ሆስፒታል ሳይረግጥ ከአፈር፣ ከድንጋይ፣ ከሰማይና ከምግብ በዓመት ጨረር ያገኛል፤ የዓለም አማካዩ 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ቁጥሩ እንደ ማሽኑና እንደ አሠራሩ ቢለያይም የተለመደው እንዲህ ነው፦

👉 አንድ የደረት ራጅ፦ 0.1 ሚሊሲቨርት ወይም ከዚያ ያነሰ
👉 የጭንቅላት ሲቲ፦ 2 ገደማ
👉 የደረት ሲቲ፦ ከ6 እስከ 7 ገደማ
👉 የሆድና የዳሌ ሲቲ፦ ከ8 እስከ 10 ገደማ
👉 አልትራሳውንድና ኤምአርአይ፦ እንዲህ ያለ ጨረር የላቸውም፤ ዜሮ

አንድ የሆድ ሲቲ ማለት እንግዲህ ቢያንስ 80 የደረት ራጅ ማለት ነው። «ለማንኛውም ይነሳ» ስንል የምንለው ይህንን ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? እውነቱን ልንገራችሁ

ማስፈራራት አልፈልግም። ማድበስበስም አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በእንግሊዝ አገር በልጅነትና በወጣትነት ሲቲ የተነሱ ከ178,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። ግምቱ ይህ ነበር፦ ከ10 ዓመት ዕድሜ በታች ሳሉ ጭንቅላታቸውን ከተነሱ 10,000 ልጆች መካከል በቀጣዮቹ 10 ዓመታት ውስጥ አንድ ተጨማሪ የደም ካንሰርና አንድ ተጨማሪ የአንጎል ዕጢ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው፣ በ9 የአውሮፓ አገሮች ወደ 950,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተው ጥናትም ከዚህ ብዙም አልራቀም። ከተነሱ 10,000 ልጆች መካከል በጨረሩ ምክንያት አንድ ወይም ሁለቱ በደም ካንሰር ሊያዙ ይችላሉ ብሏል።

ለአንድ ልጅ ይህ ትንሽ ዕድል ነው። ልጃችሁ ከዚህ በፊት ተነስቶ ከሆነ ዛሬ እንቅልፍ አትጡ። ጨረሩ ሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ግን አስቡት። ልጁ ምርመራው የሚያስፈልገው ከሆነ ያን ትንሽ አደጋ በትልቅ ጥቅም እንለውጠዋለን፤ ትክክለኛ ንግድ ነው። ምርመራው ካላስፈለገው ግን አደጋውን የምንቀበለው በምን ልዋጭ ነው? በምንም።

ልጆች ከአዋቂ ይልቅ የሚጎዱበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው። ሴሎቻቸው ገና እያደጉና እየተከፋፈሉ ነው። ከፊታቸው ረጅም ዕድሜ አለ፤ ካንሰር ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ሰውነታቸው ትንሽ ስለሆነም ማሽኑ ለአዋቂ በተሞላበት ልክ ከተነሱ የሚያርፍባቸው ጨረር ይበዛል።

«ድሃ ስለሆንን ነው የምትከለክሉን»

ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል፤ ቁጣው ይገባኛል። ከሩቅ ወረዳ መጥቶ፣ ስንት ቀን ተንከራቶ፣ «አያስፈልግህም» የተባለ ሰው የተናቀ ቢመስለው አይፈረድበትም። ክልላችን ብዙ ነገር ሲጎድልበት የኖረ ነው።

ነገር ግን ስሙኝ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ መቼ ሲቲ እንደማያስፈልገው የሚናገረው መመሪያ የወጣው ለድሃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ትልቁ ጥናት የተሠራው አሜሪካ ውስጥ በ25 ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍሎች፣ በ42,412 ልጆች ላይ ነው። በእነዚያ ሆስፒታሎች ሲቲው ከድንገተኛ ክፍሉ ጥቂት እርምጃ ቢርቅ ነው። ሐኪሞቹ ግን «ማንን ሳናነሳ በሰላም ወደ ቤቱ መላክ እንችላለን?» ብለው ጠየቁ። መልሱንም አገኙ፤ ምልክቶቹ ከሌሉ ልጁ ከባድ የአንጎል ጉዳት የመኖሩ ዕድል እጅግ ዝቅተኛ ነው። ይህን ነው እኔም አሶሳ ላይ የምጠቀምበት። «ክትትል ይበቃዋል» ስላችሁ የሀብታም አገር ሐኪም ለገዛ ልጁ የሚመርጠውን እየሰጠኋችሁ ነው።

«ሐኪሟ ብትሳሳትስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልሳሳት እችላለሁ። ለዚህ ነው ክትትል የሚባለው ነገር ያለው። ልጁን አራት፣ አምስት ሰዓት አቆይቶ ደጋግሞ ማየት ራሱ ምርመራ ነው። ቤታችሁ ኩርሙክ ወይም ሸርቆሌ ከሆነና ሌሊት ቢብስበት መመለሻ ከሌላችሁ ደግሞ ንገሩኝ፤ እዚሁ ይደር። አንድ ሌሊት መተኛት፣ በፍርሃት ተነስቶ መቶዎች ኪሎ ሜትር ከመጓዝ ይሻላል።

ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ፦ እባካችሁ መጀመሪያ ደሙን!

ይህን ክፍል በተለይ እናቶች አንብቡት። ክልላችን ወባ ከሚበረታባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። ትኩሳት ያለበት ሕፃን ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የወባ ምርመራ፣ የደም ስኳር ልኬትና ማጅራት ገትር እንዳለበትና እንደሌለበት የሚያይ ሐኪም ነው። ማሽኑ በኋላ ይደርሳል። የጭንቅላት ወባ በሲቲ አይታከምም፤ በመርፌ በሚሰጥ አርቴሱኔት እንጂ። ሲቲ ፍለጋ መንገድ ላይ የባከነች እያንዳንዷ ሰዓት ከልጁ ሕይወት ላይ ነው የምትቀነሰው።

እዚህ ላይ የራሴንም ኃጢአት ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ትኩሳት አንቀጥቅጧት የነበረች የሁለት ዓመት ሕፃን መጣችልኝ። አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር ያንቀጠቀጣት። ሳያት ነቅታ ትጫወት ነበር። የወባ ምርመራዋም ነጻ ነበር። ቀላል የትኩሳት ማንቀጥቀጥ ነው፤ ሲቲ አያስፈልገውም። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ላይ በትክክል መልሼዋለሁ። ግን አያቷ «አንድ ነገር ብትሆን አንቺ ነሽ» ሲሉኝ ፈራሁና ሲቲ ጻፍኩ። ቤተሰቡ ተበድሮ ሄደ፤ ውጤቱ ደህና ሆኖ ተመለሰ። ሁሉም አመሰገነኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ለእኔ ፍርሃት የከፈለችው ያቺ ሕፃን ናትና።

ስለዚህ ወረቀት ላይ «ሲቲ» ብለን ስንጽፍ ሁልጊዜ ስለ ሕመሙ እያሰብን ነው ብላችሁ አታምኑን። አንዳንዴ ስለራሳችን ነው የምናስበው። ጠይቁን።

ለምርመራ ማዕከሎችና ለሙያ አጋሮቼ

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። ማሽኑም እንደ አያያዙ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ በሰማንያ ኪሎ ጎልማሳ ልክ የሚነሳበት ምክንያት የለም። በዓለም ላይ «ልጆችን በእርጋታ አንሱ» የሚለው የባለሙያዎች ዘመቻ ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኖታል። መልእክቱም ቀላል ነው፦ በልጁ ክብደትና መጠን ልክ ማሽኑን አስተካክሉ፤ የሚያስፈልገውን ቦታ ብቻ አንሱ፤ አንድ ዙር ከበቃ ሁለተኛ አትድገሙ። መድኃኒት ሳይሰጥ አንድ ጊዜ፣ ከተሰጠ በኋላ ሌላ ጊዜ ማንሳት ጨረሩን በእጥፍ ሊያሳድገው ይችላል። ለሚያስፈልገው ይደረግ፤ ለልማድ ግን አይደረግ።

«የሌላ ቦታ ፊልም አንቀበልም» የሚለውን ቃልማ ጨርሶ ልንተወው ይገባል። ፊልሙ በእርግጥ የማይነበብ ከሆነ ምክንያቱን ለቤተሰቡ ንገሩ። ምክንያቱ ገቢ ከሆነ ግን ያ ሕክምና አይባልም።

ይህ የእኔ የግል አስተያየት ብቻም አይደለም። አገራችን ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር ከተመሠረተበት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ አባል ናት። ይኸው ኤጀንሲና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ቦን ላይ በጠሩት ጉባኤ አሥር የተግባር ነጥቦች ወጥተዋል። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ የጨረር ምርመራ በቂ ምክንያት ይኑረው የሚል ነው፤ ሁለተኛው፣ ምክንያት ካለውም ጨረሩ በልኩ ይሁን የሚል። እኛም አገር የጨረርና የኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 አለን። የጨረር መሣሪያ እንደ ሱቅ ዕቃ ማንም እንደፈለገ የሚያዝዝበት አይደለም፤ ሕግ አለው። ሕጉ ግን ወረቀት ላይ ነው ያለው። ሥራ ላይ የሚያውለው የታዘዘበትን ምክንያት የሚጽፍ ሐኪም፣ ማሽኑን የሚያስተካክል የራጅ ባለሙያና የሚጠይቅ ወላጅ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሲቲ ሲታዘዝላችሁ፣ በትህትና ግን ሳትፈሩ ጠይቁ፦

👉 «ውጤቱ ሕክምናዬን ይቀይረዋል?» መልሱ «አይቀይርም» ከሆነ ለምን ትነሳላችሁ?
👉 «በአልትራሳውንድ ወይም በተራ ራጅ መታየት አይችልም?» ለምሳሌ ትርፍ አንጀት የተጠረጠረበት ልጅ መጀመሪያ አልትራሳውንድ ቢታይ ይመረጣል።
👉 «መጠበቅና መከታተል ይቻላል?»
👉 ለራጅ ባለሙያው፦ «ማሽኑ ለልጅ ተስተካክሏል? የሚነሳው የታዘዘው ቦታ ብቻ ነው?»
👉 ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ከተጠራጠራችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ልጅ ለመያዝ ወደ ክፍሉ የምትገቡ ከሆነም የእርሳስ መከላከያ ሽርጥ ጠይቁ፤ ነፍሰ ጡር ግን አትግባ፣ ሌላ ሰው ይግባ።
👉 ሲዲውን፣ ፊልሙንና የጽሑፍ ውጤቱን ተቀበሉ። ከልደት ካርዱና ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ ፌስታል አስቀምጡት። ወደ ነቀምትም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ስትላኩ ይዛችሁት ሂዱ። ቤት የተረሳ ፊልም ብዙ ጊዜ ሌላ ሲቲ ያስነሳል።

አዋቂዎችም እንዲሁ። ለቆየና ለተለመደ ራስ ምታት፣ ምርመራው ደህና ለሆነ የወገብ ሕመም «ሲቲ ጻፉልኝ» ብላችሁ አታስጨንቁን። እኛም ለመገላገል ብለን አንጻፍላችሁ።

መቼ ነው ሲቲ እምቢ የማይባለው?

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ አስፈላጊ ሲቲ እምቢ ካላችሁ ከሁሉ የከፋው ጉዳት ይህ ነውና ልብ በሉ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ከሚከተሉት አንዱ ካለው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል አምጡት፤ ሐኪሙ ሲቲ ካለም አትከራከሩ፦

👉 ራሱን ከሳተ፣ ከተደናገረ ወይም ከወትሮው በተለየ አንቀላፍቶ ለመንቃት ካስቸገረ
👉 ካስመለሰው፣ በተለይ ደጋግሞ ከሆነ
👉 እየባሰ የሚሄድ ኃይለኛ ራስ ምታት ካለው
👉 ካንቀጠቀጠው፣ ወይም አንድ እጁ ወይም እግሩ ከደከመ
👉 ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ፣ ዓይኑ ዙሪያ ወይም ከጆሮው ጀርባ ከጠቆረ
👉 ከ2 ዓመት በታች ከሆነና እብጠቱ ከግንባሩ ውጭ ሌላ የራሱ ክፍል ላይ ከሆነ፣ ወይም እናቱ «ዛሬ ልጄን አይመስለኝም» ካለች። የእናትን ቃል እኛም እንደ ምርመራ ነው የምንቆጥረው።
👉 ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከወደቀ (ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ከአንድ ሜትር ገደማ)፣ ወይም መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ከመታው። ትልቁን የማንጎ ዛፍ የወጣ ልጅ እዚህ ውስጥ ይገባል። የግድ ሲቲ ማለት አይደለም፤ የግድ ሐኪም ይየው ማለት ነው።

አዋቂ ሰው ላይም ድንገት የአፍ መጣመም፣ የአንድ ጎን መድከም ወይም የንግግር መተሳሰር ከመጣ አንድ ደቂቃ አታባክኑ። ያኔ ሲቲ ቅንጦት አይደለም።

ያ የማንጎዋ ልጅ አባት በቅርቡ እንደገና መጥቶ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ከአልጋ ወድቆ። መረመርኩት፣ አቆየሁት፣ ደህና ነበር። አባቱ «ዶክተር፣ ይህኛውስ ይነሳ?» አለኝ። «የማይነሳበትን ምክንያት ልንገርዎት?» አልኩት። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ውጭ ወረፋው ረዝሞ ነበር። ሲወጣ ልጁን አቅፎ «እንግዲያው እናንተው ዘንድ ይደር» አለ።

ያቺን አሥር ደቂቃ ነው ከእኛ መጠየቅ ያለባችሁ። ሐኪም «አያስፈልግም» ብሎ ብቻ ሲሸኛችሁ ተቆጡ፤ መብታችሁ ነው። ምክንያቱን ካስረዳችሁ በኋላ ግን እመኑት፤ ላሟንም አትሽጡ።

ይህ ጽሑፍ አጠቃላይ ምክር ነው፤ ልጃችሁን በአካል ያየውን ሐኪም አይተካም። ልጅ ላለው ሁሉ ሼር አድርጉለት፤ በተለይ ማንጎው ሳይደርስ።

ከአሶሳ፣ የእናንተው ሐኪም።